ያልተገነባው አጥር

ጥር 8

ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ስመለስ መሽቶ ነበር። እግሬ አብጧል፣ ልቤ ግን... ዛሬ የኔ የስፌት መስመር ከሼዱ አንደኛ ወጣ። አንዲት ጠማማ ስፌት አልተገኘብንም። ተቆጣጣሪዋ ማን ሆነችና።

ቤት ስደርስ የግቢው በር እንደ ልማዱ ተቆልፏል። አንኳኳሁ። "ማነው?" ትላለች አከራያችን እትዬ ዝናሽ። አሥራ አንድ ዓመት አንኳኩቼ፣ አሥራ አንድ ዓመት "ማነው"። ሰው ከዚራ ሰፈር ነው የምንኖረው ስንለው ይቀናል። የከዚራ ዛፍ፣ የከዚራ ጥላ... እኛ ያለነው ከዛፉ ጀርባ፣ ሰርቪሱ ውስጥ፣ ቆርቆሮው ሥር ነው።

አባዬ ተኝቷል። ጥር ስለሆነ ይተነፍሳል። ግንቦት ሲመጣስ? አምና በሰኔ ሙቀቱ ጥሎት ሆስፒታል ገባ። ሐኪሙ "ማታ ማታ አልጋቸውን ውጭ አውጡላቸው" አለን። ድሬዳዋ ኖሮ ይሄን የማያውቅ አለ እንዴ? ግን ግቢው ማታ የባጃጅ ማደሪያ ነው፤ እትዬ ዝናሽ አከራይታዋለች። ዕድሜውን ምድር ባቡር ያገለገለ ሰው አልጋ መዘርጊያ አጣ።

ዘንድሮ ግንቦት አባዬ በራሳችን ግቢ ውጭ ይተኛል። ጻፍኩት። የጻፍኩትን አልሰርዝም።

ጥር 18

እሁድ። ከደላላው ከሉቅማን ጋር ቤት ስናይ ዋልን። ባለቤቴ ይትባረክ የጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፣ መኪናውን እየነዳ። እኔ፣ አባዬና ልጄ ራኬብ ነን የዞርነው።

ሳቢያን፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ንጹሕ ነው፣ ውሃም አለው። አባዬ ደረጃው ሥር ቆሞ ሽቅብ አየና "መውጣቱንስ እወጣለሁ፤ የሚያወርደኝ ግን ቃሬዛ ነው" አለ። ሉቅማን ሳቁን ዋጠ።

መልካ ጀብዱ፣ ሰፊ ግቢ። ለኔ ሥራ አፍንጫዬ ሥር ነው። ለአባዬ ሐኪምና ለራኬብ ትምህርት ቤት ግን ሩቅ። ቅር እያለኝ ተውኩት።

ከዚራም አንድ ቤት አየን። ዋጋውን ሲነግረኝ ሳቅ አፈነኝ።

"አቦ፣ ለምን ትስቂያለሽ?"

"ታዲያ ላልቅስ?" አልኩት።

የካቲት 2

አገኘሁት መሰለኝ... ቀስ በይ ሰርካዲስ።

ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ነው። ቦታው ከፍ ያለ ስለሆነ ጎርፍ አያገኘውም፤ ሉቅማንን አላመንኩም፣ ሁለት ሱቅ ገብቼ ጠየቅኩ። ባለቤቱ ሃጂ ሚክዳድ ሐረር ልጃቸው ጋ ሊገቡ ስለሆነ ነው የሚሸጡት። ቤቱ አሮጌ ነው። ሳሎኑ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፣ ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው አያዞርም፣ መጸዳጃው ግቢው ዳር ነው። ከዚራም አይደለም። ግን ግቢው... ግቢው። መሐሉ ላይ ትልቅ ኒም ዛፍ አለ።

ወደ መንገዱ አሮጌ በር አለው። ከጎረቤቱ ጋር ግን አጥር የለውም። ሁለቱ ግቢ አንድ ይመስላል። ከወዲያ በኩል አንዲት አሮጊት ጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጠው መቁጠሪያ ይቆጥራሉ።

"አጥሩስ?" አልኩት ሉቅማንን።

"አጥር ብሎኬት ነው፣ በሳምንት ይቆማል። አንቺ ቤቱን እይ።"

አባዬ ዛፉ ሥር ሄዶ ቆመ። ኮፍያውን አወለቀ። አባዬ ካልተነጫነጨ ወዶታል ማለት ነው።

የካቲት 9

ይትባረክ መጥቶ አየው። ግድግዳውን አንኳኳ፣ ጣሪያ ላይ ወጣ፣ ስንጥቁን በጣቱ ለካ። "ሞተሩ ደህና ነው፤ የተጎዳው ቦዲው ነው" አለ። ሹፌር አግብቼ ሌላ ምን እሰማለሁ።

ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ቀብድ ተሰጠ። እቁቡ፣ ቁጠባው፣ የባንኩ ብድር... እዚህ አልደምረውም፣ ራሴን ያመኛል።

ሃጂ አንድ ነገር ደጋግመው አሉ፦ "ጎረቤቴን ኢዶ ሃሊሞን አስቀድሜ ጠይቄያለሁ። አልፈልግም ስላለች ነው ለሌላ የምሸጠው። ጎረቤት ይቀድማል።" ኢዶ፣ በሱማልኛ አክስት እንደማለት፣ የሚሏቸው ባለ መቁጠሪያዋን አሮጊት ነው። እኔ እሺ፣ እሺ አልኩ። ልቤ የት ነበር? አጥሩ ላይ። በራሴ አጥር ውስጥ፣ ቁልፉ በእጄ፣ ሲንኳኳ "ማነው?" ባይዋ እኔ።

የካቲት 13

ብሎኬት አስመጣሁ። ይትባረክ በስልክ "ስሙ ሳይዛወር?" አለኝ። "ነገ ይወደዳል" አልኩት። ሃጂን በስልክ አስፈቅጃለሁ፤ "ቦታው ሰፊ ነው፣ አስቀምጪ" አሉ። ምን ልሠራበት እንደሆነ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸው።

ድንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሲባጎ ወጥሬ ኖራ አሰመርኩበት፣ ብሎኬቱን መስመሩ ዳር አስደረደርኩ። ጎረቤቲቱ ከአልጋቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። ከሩቅ በእጄ ሰላም አልኳቸው። በአንገታቸው መለሱ።

እንዴት ቀጥ ያለ መስመር ነበር። ኮራሁበት።

የካቲት 16

ሉቅማን ደወለ። "ነገር ተበላሸ እህቴ። ኢዶ ሃሊሞ ቤቱን እኔ እገዛዋለሁ ብለዋል። ጅግጅጋ ያለው ልጃቸው ኻሊፍ ነው የሚከፍለው።"

"አልፈልግም ብለው አልነበር?"

"ብለው ነበር። ብሎኬቱን አይተው ፈለጉ።"

ሃጂ ጋ ደወልኩ። አፍረዋል፣ ድምፃቸው ያስታውቃል። ግን ንቅንቅ አላሉም። "ልጄ፣ ቀብዴን ይመልሱልኝ ካልሽኝ ዛሬውኑ እመልሳለሁ። ጎረቤት ግን የመቅደም ሐቅ አለው፣ እኛ ጋ ሹፍዓ ይባላል። የመንግሥት ሕግ ቢፈቅድልኝም እኔ ሐቋን አልበላም። ራሷ ፊቴ ቆማ ይለፍ ካላለች አልፈርምም።"

ምን ነካኝ? እዚሁ ድሬ ተወልጄ አድጌ... ደጃቸውን ሳልረግጥ፣ ስኳር ሳልይዝ፣ "ጎረቤት ልሆንዎ ነው" ሳልል፣ በሰው ፊት ግንብ ደረደርኩ። እናቴ በሕይወት ብትኖር በጥፊ ነበር የምትለኝ።

ለአባዬ አልነገርኩትም። ምን ብዬ?

የካቲት 19

እትዬ ዝናሽ ሰምታለች። ከማን እንደሰማች እግዜር ይወቅ። "ተበላሸ አሉ፣ አይዞሽ። እዚሁ ምን ጎደላችሁ?" አለችኝ።

አባዬ መስኮቱ ጋ ነበር። ሰማ። ማታ ራቱን አልነካም።

የካቲት 23

ሄድኩ ኢዶ ሃሊሞ ጋ፣ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዤ። እሳቸው ረመዳን፣ እኔ ሁዳዴ፤ ቀትር ላይ ደርሼ ውሃ የለ፣ ሻይ የለ፣ ፊት ለፊት መተያየት ብቻ።

ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። አጥሩ ለእርስዎም ይጠቅማል፣ ሌባ ይከለክላል፣ ግቢዎ ይከበራል፣ ቀለሙን እርስዎ ይመርጣሉ... እንደ ፓርኩ ስብሰባ አወራሁ። አላቋረጡኝም። ስጨርስ፦

"ናያ፣ አንቺ ልጅ፣ የምትገዢው ቤት ነው እስር ቤት?"

"የራሴ በር እፈልጋለሁ ኢዶ። ዕድሜዬን ስነኳኳ... ሳንኳኳ የኖርኩ ሰው ነኝ።" ምላሴ ተሳሰረ። በሰው ፊት እንዲህ መሆን አልወድም።

"ማን አለሽ?" አሉኝ ከዚያ። ስለ ይትባረክ፣ ስለ ራኬብ ነገርኳቸው። ስለ አባዬ ስነግራቸው መቁጠሪያውን አስቀመጡት።

"ወላሂ ቤቱን አልፈልገውም" አሉ። "አንዲት አሮጊት ሁለት ቤት ምን ታደርጋለች? እኔ የምፈልገው ንፋሴን ነው።"

ንፋስ? አልገባኝም። አፍሬ ደግሞ አልጠየቅኩም።

በሩ ድረስ ሸኙኝ። "እርስዎ፣ እርስዎ አትበይኝ። ብዙ ሰው አደረግሽኝ፣ እኔ አንድ ነኝ። የሚመጣው እሁድ ከመግሪብ ሶላት በፊት አባትሽን ይዘሽ ነይ።"

የካቲት 30

የዛሬውን በደንብ ልጻፈው።

አባዬ ኮቱን ለብሶ ሄደ፣ በዚህ ሙቀት። ኢዶ ሃሊሞ ጠፍር አልጋዋ ላይ አስቀመጠችው። አባዬ ሱማልኛውን ጣቢያ ለጣቢያ ሲሠራ ነው የለመደው፤ እሷ ስትጠይቀው እሱ ሲመልስ፣ እንዳዲስ ሰው ሆነ። ዘመዶቿ የአይሻ ከተማ ሰዎች ናቸው። እሱ አይሻ ጣቢያ ሁለት ዓመት ሠርቷል። ያኔ ያበደረው ሰው ስም ሁሉ ትዝ አለው፣ አባዬ አይረሳም።

ጸሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ንፋሱ መጣ። ከሃጂ ግቢ፣ በኒሙ ሥር አልፎ፣ ኖራዬን ተሻግሮ፣ ቀጥ ብሎ እሷ አልጋ ላይ። አባዬ ኮቱን አወለቀ። እያወራ ጎኑን አሳረፈ። ከዚያ ወሬው መሐል ላይ ተቆረጠ... ተኛ። አባዬ፣ ቆርቆሮው ሥር ሲገላበጥ የሚያድረው ሰው።

ኢዶ ሃሊሞ ከገመዱ ላይ አንሶላ አወረደች። አንዱን ጫፍ ለኔ፣ አንዱን ለራኬብ ሰጠችን። "ኖራሽ ላይ ቁሙ። ወጥሩት። እንግዲህ አጥርሽን ያዢ።"

ራኬብ ሳቀች። ቆምን፣ ወጠርነው። አንሶላው እጄ ላይ ተነፋ። የኒሙ ቅጠል ከላይ ይወዛወዛል፣ ከአንሶላው ወዲያ፣ አባዬ በተኛበት በኩል፣ ግን ጸጥ አለ። ብዙም አልቆየን። አባዬ አንገቱን ጠረገ። ተገላበጠ። ዓይኑን ገለጠና፦

"ማነው የዘጋው?" አለ።

አንሶላውን ለቀቅኩት።

"ማታ ከናንተ ወደኔ ይመጣል" አለች ኢዶ ሃሊሞ። "ንጋት ላይ ደግሞ ከኔ ወደናንተ ይመለሳል። እኔና የሃጂ ሚስት፣ አላህ ይማራት፣ ልጆቻችንን እዚህ ነው ያሳደግነው። አንቺ ግንብ ብታቆሚ እኔ ማታ እሞታለሁ፣ አባትሽ ንጋት ላይ።"

"አላቆምም" አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ራሴ ሰማሁት። ያ ሁሉ ሕልሜ... አላቆምም።

አዛን ተባለ። ተምር አቀረበች። የሥጋ ሳምቡሳውን ወደኛ አላስጠጋችም፤ "የናንተንም ጾም አውቃለሁ" አለች። አባዬ ሁለት ተምር በላ፣ ዘሩን ኮቱ ኪስ ከተተ።

መጋቢት 1

ይትባረክ ከደወሌ ጠረፍ ደወለ። ነገርኩት።

"ያለ አጥር ቤት ምን ቤት ነው? ሌባስ?"

"ሌባ የሚገባው ሰው የሌለበት ነው። ኢዶ ሃሊሞ ቀኑን ሙሉ እዚያ ተቀምጣለች።"

"ቃል ሰጠሻት?"

"ሰጠኋት።"

"ሳትጠይቂኝ?"

ምን ልበል? ሳልጠይቀው ነው። የመኪናው ሞተር ብቻ ይሰማል።

"አባባ እውነት ተኙ?" አለኝ።

"ወሬ መሐል ተኛ።"

"እንግዲህ..." አለ። ይትባረክ እንግዲህ ካለ እሺ ማለቱ ነው።

መጋቢት 7

ሽማግሌዎቹ ፊት ኢዶ ሃሊሞ "ይለፍ፣ ይግዙት" አለች። ሃጂ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። እኔ አጥር አላቆምም ያልኩትን በጽሑፍ እናድርገው አልኩ፣ እንዳትጠራጠረኝ ብዬ።

"ወረቀት ለመንግሥት ነው" አለችኝ። "ለኔ አንቺ ትበቂኛለሽ።"

ስንት ሰው ነው በሕይወቴ እንዲህ ያለኝ?

መጋቢት 24

ለስም ዝውውሩ ስመላለስ ጫማዬ አለቀ። ሰኞ በዓል ነው አሉ። ትናንት ፈራሚው የሉም። ዛሬ ሲስተም የለም። ከፓርኩ ፈቃድ ስለምን አለቃዬ "ቤት ነው የምትገዢው ከተማ?" አለኝ።

ቦታውን የሚለካው ልጅ መጥቶ "አጥር የሌለው ይዞታ በምን ይለያል?" ብሎ ተነጫነጨ። ኢዶ ሃሊሞ ከአልጋዋ ሳትነሳ በመቁጠሪያዋ መሬት ላይ የተቀበረች የድንበር ድንጋይ አሳየችው። ሌላዋን ራሱ አገኛት። ኖራዬ በአንድ ክንድ ያህል ወደ እሷ ግቢ ገብቶ ነበር ለካ። ያ ቀጥ ያለው፣ የኮራሁበት። እሷ ከመጀመሪያው ታውቃለች፣ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ሚያዝያ 8

አለቀ። ካርታው በእጄ ነው።

ስሜ አለ። ሰርካዲስ ዘገዬ። የይትባረክም አለ፣ ግን የኔን ነው ደጋግሜ ያነበብኩት። ባጃጅ ውስጥ አወጣሁት፣ መለስኩት፣ አወጣሁት። ባለ ባጃጁ በመስታወት ሲያየኝ "ቤት ገዛሁ" አልኩት። ለማያውቀኝ ሰው። "ማሻአላህ፣ የምርቃት ነው" ብሎ መንገዱን አዙሮ ደጃፌ ድረስ አደረሰኝ።

ለአባዬ ሰጠሁት። መነጽሩን ፈልጎ አደረገ። ከኔ ስም አጠገብ የራሱን ስም በጣቱ ያዘና ቆየ። የኩባንያ ቤት ኖሯል፣ የቀበሌ ቤት ኖሯል፣ የሰው ሰርቪስ ኖሯል። ስሙ ቤት ላይ ተጽፎ አያውቅም።

"ስም ያወጡልኝ አውቀው ነው" አለ። "ዘገየሁ፣ ግን ደረስኩ።"

አለቀስኩ። ምን አፍራለሁ፣ የራሴ ማስታወሻ ነው።

ሚያዝያ 15

ገባን። ይትባረክ ዕቃውን በሥራ መኪናው አመላለሰ። እትዬ ዝናሽ በሩ ላይ ቆማ "ማነው?" የምትለው ሰው አጣች። ሳላስበው አሳዘነችኝ።

የመንገዱን በር አረንጓዴ አስቀባሁት። ቁልፍም ገዛሁለት። ቁልፉ ጥሩ ነው፣ ይዞራል፣ ይቆልፋል። በኢዶ ሃሊሞ በኩል ግን ማንም ዘው ማለት ይችላል... ራኬብ እንኳ በዚያ በኩል ነው የምትገባው፣ "ይቀርባል" ትላለች።

ስንጥቁን ገና አላስጠገንንም። ወጥ ቤት ውስጥ ከይትባረክ ጋር ተጋጨን፣ በክርን። ሁለት ሰው አያዞርም ብያለሁ።

ሚያዝያ 25

ብሎኬቱ ተከምሮ ሲያየኝ ሰነበተ። እንዳልሸጠው በገዛሁበት የሚወስድልኝ የለም። ትናንት ከሥራ ገብቼ እላዩ ላይ ቁጭ አልኩ። ኢዶ ሃሊሞም መጥታ ሌላው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ለረጅም ጊዜ አወራን። ለመሄድ ስትነሳ ወገቧን ይዛ "ናያ፣ ይሄ አጥርሽ ለመቀመጫ ይሻላል" አለችኝ።

ዛሬ ግንበኛው ኢብራሂም መጣ። ሰፊ መደብ እንዲሠራ ነገርኩት፣ ከሁለቱም ግቢ እኩል የሚገባ፣ ድንበሩን በመሐል የሚያሳልፍ።

"አጥር ነው ያላችሁኝ" አለ።

"ነው። አጋድመህ ሥራው።"

ከግማሽ ክንድ በላይ ከፍታ አልፈቀድኩለትም። ንፋሱ ከላይ ማለፍ አለበት። መስመሩን ግን በሲባጎ ወጥሬ ነው ያሠራሁት፣ ከድንጋዩ እስከ ድንጋዩ። ጠማማ ነገር አልወድም።

ግንቦት 11

ሙቀቱ ገባ። ፓርኩ ውስጥ ሁለት ልጆች ራሳቸውን ሳቱ። ሆስፒታሉ በሽማግሌዎች ሞልቷል አሉ።

አባዬ መደቡ ላይ ፍራሽ አንጥፎ ተኝቶ አደረ። ሲያንኮራፋ ኢዶ ሃሊሞ ትሰድበዋለች፣ በሱማልኛ። እሱም በእንቅልፍ ልቡ ይመልስላታል መሰለኝ።

ግንቦት 17

እሁድ። እትዬ ዝናሽ መጣች፣ "እንኳን ደስ አላችሁ" ልትል፣ ብርጭቆ ገዝታ። አስማት ነው እንዴ? እትዬ ዝናሽ፣ ለኛ፣ ብርጭቆ።

ቤቱን ዞራ አየች። ስንጥቁን አየች፣ ወጥ ቤቱን አየች፣ መጸዳጃው ሩቅ መሆኑንም አየች። አንዱም አላለፋት። ሁሉንም ራሴ ቀድሜ አሳየኋት። ድሮ ቢሆን መጋረጃ እጋርድበት ነበር። ከዚያ ግቢ ወጣን።

"አጥሩስ?" አለች። "የናንተ የት ድረስ ነው?"

አፌን ከመክፈቴ በፊት አባዬ መደቡ ላይ እንደተጋደመ መለሰላት፦

"ራሴ ያለው ልጄ ግቢ ነው" አላት። "እግሬ ደግሞ ሃሊሞ ግቢ።"

ኢዶ ሃሊሞ ከወዲያ "እግርህን ሰብስብ፣ ኪራይ አስከፍልሃለሁ" አለችው። አባዬ እግሩን አልሰበሰበም።

እትዬ ዝናሽ አልሳቀችም። አባዬን አየችው፣ ዛፉን አየችው። "ጋሽ ዘገዬ አማረባቸው" አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ። ንፋሱ ሲመጣ መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋን ከአንገቷ አላላች። እጇ ላይ የግቢዋ ቁልፍ አለ፣ ትልቁ፣ ድምፁን እንኳ የማውቀው። አጠገቧ አስቀመጠችው። ትንሽ ቆይታ ጫማዋን አወለቀች።

ሄዳ መንገድ ከጀመረች በኋላ ነው ያየሁት፣ ቁልፏን ረስታዋለች። ራኬብ ሮጣ አደረሰችላት። የኔስ ቁልፍ የት ነው ብዬ ፈለግኩ... ቦርሳዬ ውስጥ የለም፣ ምስማሩ ላይ የለም። መቼ እንደሆነ የጠፋብኝ አላውቅም። ሌላ ላስቀርጽ አልኩና ተውኩት። ማን ሊያንኳኳ።